እንስላልና እርሾ

«ሰኞ ከቄሱ ጋር ወደ ጠበሉ ትሄዳለች፤ ለትምህርት ቤቱ ሀይሉ ደውሎ ይነግርላታል» ሲሉ እማማ ወለተ ሰንበት ለእህታቸው ለእትዬ ባንቺ፣ ምራታቸው መስታወት ከጓዳው መስኮት ሥር ጎንበስ ብላ እንስላል ትቆርጥ ነበር። ያወሩት በኽምጣንጋ ነው። ምራቲቱ የአምደወርቅ ከተማ ልጅ ናት፣ ኽምጣንጋ አይገባትም ተብሎ በዚህ ቤት ብዙ ነገር ፊቷ ላይ ተወርቷል። ተማሪዎቿ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሲሰዳደቡ እየሰማች ቋንቋውን እንደለመደችው ግን ለማንም ነግራ አታውቅም። ቢላዋውን እንደያዘች ቀረች። እትዬ ባንቺ «እስከ መቼ?» ብለው ጠየቁ። «እስክትድን» አሉ እማማ። ከዚያ ስለ ጠላው መወፈር ማውራት ጀመሩ።

እስክትድን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሰቆጣ ላይ የሚጠፋው ሰው የለም። ጠበሉ ከጽጽቃ ማዶ፣ መኪና ቆሞ ሰው በእግሩ የሚወርድበት ገደል ውስጥ ነው። የጎረቤታቸው ልጅ ካሤ ለጥቂት ቀን ብሎ ሄዶ ሁለት ክረምት እዚያው ከርሟል። መስታወት በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ወንበሯ ባዶ ከዋለ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ተመራቂ ሞልቷል፣ በሳምንቱ ሌላ ሰው ይተካበታል። ከዚህ ግቢ ውጭ የራሷ የምትለው ነገር ያ ክፍልና ያ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው። ጠበሉን አልጠላችም፤ የቄስ ቤት ምራት ሆና እንዴት ትጠላለች። ሳትጠየቅ የተቆረጠላትን ሰኞ ግን ጠላችው።

በሽታው ስም አለው፤ ስሙን በዚህ ቤት የሚጠራው የለም እንጂ። እንጀራ በበላች፣ ጠላ በቀመሰች ቁጥር አንገቷ ይቀላል፣ ገላዋ ሳማ እንደለበለበው ያብጣል፣ ልቧ ይደልቃል። አምና አንድ ተዝካር ላይ ትንፋሽ አጥሯት ሰው ተሸክሞ አውጥቷታል። ደሴ ያያት ሐኪም ወሬ አላበዛም። ምግብ ሲቦካና ሲቆይ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይበዛበታል፣ ያንቺ ሰውነት ደግሞ እሱን ማስወገድ አቅቶታል፤ ስለዚህ የቦካ፣ የቆየ፣ የደረቀ ነገር አትንኪ አላት። እንጀራ ቀረ፣ ጠላ ቀረ፣ በርበሬና ቲማቲም ቀረ፣ ቋንጣ፣ የከረመ ቅቤ፣ ያደረ ወጥ ሁሉ ቀረ። የዕለቱን ሥጋ በዕለቱ፣ ካሮት፣ ድንች፣ ያልቦካ ቂጣ። ስድስት ሳምንት ሞክሪና እንየው። ታዲያ በምን ላጣፍጠው ስትለው ጥቂት አሰበና እንስላል ታገኛለሽ ወይ አላት። ሰቆጣ ላይ እንስላል የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ አረቄ የሚያወጡ ሴቶች አረቄያቸው ላይ ይጨምሩታል፣ ሽንት የያዘው ሰው ደግሞ አፍልቶ ይጠጣዋል። ከአረቄ አውጪዋ ከይታየሽ ከነሥሩ ለምና ከጓዳው መስኮት ሥር፣ ከልብስ ማጠቢያው ውሃ መፍሰሻ ዳር ስትተክለው፣ ሰፈሩ የቄሱን ምራት ሽንት ይዟታል አለ። ከዚያ የባሰውንም ያለ አለ።

ከሕክምናው በኋላ ደሴ፣ ጓደኛዋ ምህረት ቤት በሰነበተችበት ጊዜ ቂጣዋን በእጇ እየለወሰች፣ ከገበያ በመጣ እንስላል ድንቿን እየሠራች ስትበላ ገላዋ እንደ ሕፃን ጠርቶ ነበር። ሰቆጣ ከገባች በኋላ ግን ሽፍታው ተመለሰ። እንደ በፊቱ አልከፋም፤ አልለቃትምም። ደሴ የተሻለሽ ውሃው ተስማምቶሽ ነው አሏት። አማቷ ቄስ ወልደ ጻድቅ ነገሩን በትዕግሥት ያዙት፤ ሐኪሙ ያለው ጊዜ ይሙላ፣ ካልሆነ ወደ ፈጣሪ እንሄዳለን አሉ። ባሏ ሀይሉ በኒሯቅ ከተማ የመንገድ ሥራ ላይ ነው፣ ምን ትላለህ ሲባል «አባ ያሉትን» ይላል። ስድስቱ ሳምንት ትናንት አለቀ።

ዛሬ የጥር ማርያም ናት። የማኅበሩ ጽዋ የደረሰው እነሱ ቤት ስለሆነ ግቢው ከማለዳ ጀምሮ በሴት ተሞልቷል። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ሳሎኑ ጠባብ፣ ጓዳው ከሳሎኑ የሰፋ፣ ከጓዳው ጀርባ ደግሞ መስታወትና ሀይሉ የሚተኙባት አንዲት ክፍል ተለጥፋለች። ወደዚያች ክፍል ለመግባት በጓዳው ማለፍ ግድ ነው፤ ስለዚህ መስታወት መቼ እንደተኛች፣ መቼ እንደተነሣች፣ ስልክ ላይ ምን እንዳለች ጓዳው ሁሉን ያውቃል። በጉ በጠዋት ታርዷል። ካቻምና ሁለት በግ ይገዛ በነበረ ገንዘብ የተገዛ በግ ነው እየተባለ ሲታረድም፣ ሲገፈፍም፣ ሲበለትም ዋጋው ተወርቷል። መስታወት ገና ትኩስ ከሆነው ሥጋ ከጭኑ ትንሽ ለምና ወደ ማድ ቤቱ ጥግ፣ ወደ ራሷ ትንሽ ምድጃ ሄደች።

የእንስላሉን የሥር ወፍራም ነጭ ግንድ በቀጭኑ ከተፈችው። በማሰሮው ለጋ ቅቤ አቀለጠች፣ ቀይ ሽንኩርት ጨመረች፣ ሽንኩርቱ ሲለሰልስ እንስላሉን፣ ቀጥሎ ሥጋውንና ካሮቱን አስከተለች። ውሃ ስታፈስበት ከረሜላና መድኃኒት አብረው የተቀቀሉ የሚመስል ሽታ ወጣ። ፀጉር የመሰለውን ቅጠል ለመጨረሻ አስቀረችው፤ ቀድሞ ከገባ ይመርራል፣ ይህን በራሷ ጥፋት ነው የተማረችው። ይህን ሁሉ ሳምንት በልታዋለች፣ አልወደደችውም። ልትወደውም አልሞከረችም። ክፍል ገብታ ቆማ ለማስተማር የምትበላው ነገር ነበር፤ እንደ ነዳጅ።

እትዬ ባንቺ ቀይ ወጡን ሊያማስሉ መጥተው በዚያው ጣታቸውን በማሰሮዋ ነክረው ቀመሱ። ፊታቸውን አጨማደዱና ለሴቶቹ ሁሉ እንዲሰማ፣

«አረቄ ውስጥ ወድቆ የሞተ በግ ነው» አሉ። ማድ ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ሙሽሪት፣ ይኼን በልተሽ ነው እንግዲህ የምትወልጂልን?»

«እርስዎ ደኅናውን ወጥ በልተው ወለዱ፤ ልጆችዎ ግን ጅዳ ናቸው» አለች መስታወት፣ ከማሰሮው ቀና ሳትል። «የእንስላል ልጅ ምናልባት እዚህ ይቀመጥ ይሆናል።»

ሴቶቹ ሳቁ፣ ከዚያ መሳቅ እንዳልነበረባቸው ገብቷቸው ወደ ሥራቸው ጎነበሱ። እትዬ ባንቺም ሳቁ፤ ሳቁ ጥርሳቸው ላይ ቀረ እንጂ ዓይናቸው አልደረሰም። የሐኪሙ ትእዛዝ ያለበትን፣ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በማማሰያው እየጠቆሙ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው ወጡ።

ወጡ ደረሰላት፤ የቀረው ቂጣው ነው። የዚህ ቤት ዱቄት የሚቀመጠው ጓዳ ውስጥ በእንጨት ሣጥን ነው፤ የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ከእማማ ማተብ ጋር አንገታቸው ላይ ይውላል። ምራት እስክትወልድ ዱቄት አትከፍትም፤ እማማም ለአማታቸው እንዲሁ ነበሩ። ስለዚህ መስታወት ወጧን ትሠራለች፣ ቂጣውን እማማ ይጋግሩላታል። ጠዋት ቆራርሰው በቅቤ ፈትፍተው በምሳ ዕቃ ያስይዟታል፤ ራቷንም እንደዚያው ተፈትፍቶ ታገኘዋለች። በዚህ ረገድ ሴትዮዋን የምታማበት ነገር አልነበራትም። እንዲያውም ቂጣው ለስላሳ ነው፣ ከደሴው ይሻላል፣ እጃቸው ነው እያለች ለሀይሉ አመስግናቸው ታውቃለች።

ዛሬ ግን እማማ እንግዳ በዝቶባቸው ሳይፈተፍቱት ቀሩ። ቂጣው በመስኮቱ ብርሃን፣ ሰፌድ ላይ ሙሉውን በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። መስታወት ጨርቁን ገለጠችው። ላዩ ላይ ዓይን አለው። ጥቃቅን ነው፣ እንደ እንጀራው የተደረደረ አይደለም፤ ግን ዓይን ነው። ቆርሳ ውስጡን አየች፤ ውስጡም ተነፋፍቷል። አሸተተችው። ከእህሉ ሽታ ሥር፣ ቀጭን ሆኖ፣ ኮምጠጥ ያለው የቡሆው ሽታ ነበረ። ባለፈው ወር እኮ ለተማሪዎቿ ሊጥ ሲቦካ የሚወጣው አየር ምን እንደሆነ በሰሌዳ ጽፋ አስረድታለች፤ ፈተና ላይም አውጥታዋለች። ያንኑ ዕለት ምሳዋን መምህራን ክፍል ተቀምጣ የበላችው ይህንኑ ነው። በራሷ ተናደደች። ከዚያ ቂጣውን በጨርቁ ጠቅልላ፣ እማማ ብቻቸውን ጠላ ወደሚያጠሉበት የጓዳው ጥግ ሄደች።

«እማማ፣ ይህ ቂጣ ቦክቷል።»

እማማ ወለተ ሰንበት ማጥለያውን ጨምቀው ጨረሱ። ጠብታው ሲያልቅ ማጥለያውን አራገፉ።

«እርሾዋ ትንሽ ናት» አሉ። «ጠብ ነው የማደርግባት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከደሴ ከመጣሽ።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከጋኑ ላይ ሳያነሱ ነበር ያሉት። በጦርነቱ ጊዜ ቤት ጥለው ወደ ገጠር ሲሸሹ ልብስ አልያዙም፣ ዕቃ አልያዙም፤ እርሾውን በቅል አድርገው በነጠላቸው ሥር ይዘው ነው የወጡት። እርሾው ከእናታቸው፣ ለእናታቸውም ከእናታቸው የመጣ ነው። በዚያ ዓመት በሰው በረት ተጠግተው ቂጣ በልተዋል፤ ቂጣ የተሰደደ ሰው፣ የታሰረ ሰው ምግብ ነው። የቄስ ቤት ምራት ቂጣ ትበላለች ተብሎ ሲወራ እኔ ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል ልቁም አሉ። ደግሞም የዚህ ቤት እርሾ ያልገባበትን የበላች ሴት የዚህን ቤት ልጅ እንዴት ትወልዳለች። ጠብታ ነው፤ ጠብታ ሰው አይገድልም ብለው ነው።

መስታወት ይህን ሁሉ ቆማ ሰማችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የቅሏ ነገር ያሳዝናት ነበር ይሆናል። አሁን የምታስበው ሰኞን ነው።

«ሽፍታው ሲመለስብኝ አጠገቤ ነበሩ» አለች። «ውሃ ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ነበርኩ።»

«ያኔም ዝም አሉ።»

እማማ ቀና አሉ። ዓይናቸው ደርቋል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ፍርሃት ብቻ ነበር። «ለአባ እንዳትነግሪ» አሉ። «በማርያም፣ ልጄ። ሰው ሞልቶ ባለበት።»

«እንግዲያው ሰኞ አትሄድም ይበሉልኝ።»

«ምን ብዬ? ሰው ሰምቷል፣ መኪናው ተነግሯል። ምን አገኘሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

በዚህስ እውነታቸውን ነው። ሐሳብ ለወጥኩ ቢሉ ለምን ይባላሉ፤ ለምን ከተባለ መልሱ ያው ጨርቁ ውስጥ የተጠቀለለው ነው። ሁለቱ በዚያ ጠባብ ጥግ፣ በጋንና በግድግዳ መካከል ፊት ለፊት ቆሙ። አንዷ ለማለፍ ሌላዋ መልቀቅ ነበረባት። ከሳሎን እትዬ ባንቺ ጠላው በእግሩ እየመጣ ነው እንዴ ብለው ተጣሩ፤ ቄስ ወልደ ጻድቅ ከቅዳሴ ተመልሰው እየገቡ ነበር። እማማ ማሰሮውን አንሥተው በጎኗ አለፉ።

ሳሎኑ ውስጥ ማኅበርተኛው በግድግዳው ዙሪያ በአግዳሚና በሣጥን ላይ ተደርድሯል። ጽዋው ከመካከል፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው እንዲቀርብ ሲያዙ፣ ማቅረብ የምራቲቱ ተራ ነው። መስታወት ድፎውን በሰፌድ ይዛ ስትወጣ በላዩ ላይ የራሷን ቂጣ፣ ሙሉውንና የተቆረሰውን አስቀምጣበት ነበር። እማማ አዩት። እጃቸው ላይ ያለው ማሰሮ ቆመ።

«አባ፣ የኔንም ይባርኩልኝ» አለች።

ይህን የሚከለክል ሰው የለም። እትዬ ባንቺ እንኳ አፋቸውን ሊከፍቱ አስበው ተዉት። ቄስ ወልደ ጻድቅ በዲቁናቸው ዘመን ቤተልሔም ገብተው የቁርባኑን ሊጥ ሲያቦኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እርሾ ያለውንና የሌለውን ዓይናቸው ሳይሆን ጣታቸው ይለያል። ድፎውን ባርከው ቆረሱ፣ ቀጥሎ ቂጣውን አነሡ። መጀመሪያ እንደዋዛ ነበር። ከዚያ አውራ ጣታቸው በቁራሹ ውስጥ ገባ አለና ቆመ። ቁራሹን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት፣ ሊስሙት መስለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ። እማማ ወለተ ሰንበት ጠላ እየቀዱ ነበር፤ ጠላው ከዋንጫው ጎን ወደ ወለሉ እየፈሰሰ አልታወቃቸውም። ሳሎኑ ውስጥ ይህን ያየው ሁሉ በማርያም ቀን ጠላ ሲፈስ በረከት ነው አለ። ቄሱ ቁራሹን አፋቸው ውስጥ ጨመሩ፣ አላምጠው ዋጡት።

«እንግዲህ አባ፣ ሰኞ ይዘዋት ይሂዱ እንጂ» አሉ እትዬ ባንቺ። «ባርከው ከጀመሩላት አይቀር።»

«ሰኞ አልሄድም» አሉ ቄሱ።

«መኪናው ተነግሮ የለም እንዴ?»

«ነነዌ ሊገባ ነው፤ ደብሩን ጥዬ የት እሄዳለሁ? እስከሚመጣው ማርያም ትቆይ። እስከዚያ የሐኪሟን ትያዝ።»

የነነዌ ጾም መቼ እንደሚገባ መኪናው ሲነገርም ይታወቅ ነበር። ቄስ ተሳስቶ የማይሳሳትበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ግን አንዱ ዳቦውን ያኝካል፣ ሌላው የነጠላውን ጥለት ያያል። መስታወት በልቧ ቆጠረች። አንድ ወር። አንድ ወር ከራሷ እጅ ቂጣ ብትበላ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም።

እትዬ ባንቺ ግን የጅዳውን ነገር አልረሱትም። ጽዋው ተገልጦ መዞር ሲጀምር በእጃቸው ያዙትና ወደ ቄሱ ዘወር አሉ። የሚመጣው ማርያም ሩቅ ነው፣ ምራትዎ ማኅበርተኛ ናት ወይስ አይደለችም፣ በሰፈሩ ስንት ነገር እየተወራ ነው፣ ሰው አፉን የሚዘጋው ጽዋዋን ስትቀምስ ነው አሉ። በፈገግታ ነው ያሉት። ከአግዳሚው ላይ እውነት ነው ያለ ድምፅ መጣ፣ ሌላም ተከተለ። ጽዋውን ወደ መስታወት ዘረጉት።

መስታወት ቄሱን አየች። እሳቸውም አዩአት። ለሚስታቸው ሲሉ ዋሽተው ሰኞን አንሥተውላታል፤ ያቺ ውሸት ደግሞ ቀጭን ናት፣ አንድ ጥያቄ ከተጨመረባት ትበጠሳለች።

«ቅመሽ፣ ልጄ» አሉ፣ በቀስታ።

ከንፈር ነክቶ የሚመለስ አልነበረም፤ እትዬ ባንቺ ጉሮሮዋን ነበር የሚያዩት። መስታወት ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች። ጠላው ወፍራም፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ጥሩ ጠላ ነበር። ስትጠላው ኖራ አታውቅም፤ ይህም አናደዳት። ሴቶቹ እልል አሉ። ጽዋውን መልሳ፣ ሰፌዱን አንሥታ፣ ቀስ ብላ ወደ ጓዳው ገባች። የአንገቷ ሥር መጋል ጀምሯል።

እማማ ተከትለዋት ገቡ። ከመደርደሪያው ላይ አዲስ የፕላስቲክ ሳፋ አውርደው አራገፉት፤ «ይቺን ሊጥ ነክቷት አያውቅም» አሉ፣ ለሳፋው የሚናገሩ ይመስል። እጃቸው በጠላ ርሶ ስለነበር አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ማተቡን ወደ እሷ አቀረቡት። መስታወት የአማቷን አንገት ነክታ አታውቅም ነበር። ቁልፉን ፈታች፣ ሣጥኑን ከፈተች፣ ዱቄቱን በሳፋው መስፈር ጀመረች።

«ለነገ ይበቃሻል» አሉ እማማ።

መስታወት መስፈሯን ቀጠለች። እማማ ወለተ ሰንበት አልከለከሏትም፤ ዱቄቱ ከሳፋው አፍ እስኪደርስ አዩት። ከሳሎን ሳቅ ይሰማል፤ እትዬ ባንቺ የበጉንና የአረቄውን ቀልድ እንደገና ለወንዶቹ እያወሩ ነበር። ሣጥኑ ተዘጋ። መስታወት ቁልፉን በመዳፏ ይዛ ትንሽ ቆየች። እማማ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ አደረቁና መዳፋቸውን ዘረጉ።

ቁልፉን መለሰችላቸው። ሽፍታው ጆሮዋ ሥር ሲደርስ እያከከች ሳፋውን አቅፋ ወደ ክፍሏ ገባች፣ ከአልጋው ሥር፣ ካልታረመው የተማሪዎቿ ፈተና አጠገብ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው፣ በነጠላም ሸፈነችው። የክፍሉ በር መቆለፊያ አልነበረውም።